ፓምፑ ለምን አልሳበም? በችግር ስለሚጀመር የምህንድስና ትምህርት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ የውይይት ገጽ ሰዎች። መካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። የት እንደሆነ ይለፈኝ፤ መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ይበቃል። ባለፈው ሴሚስተር የፈሳሽ መካኒክስ ኮርሱን ከምዕራፍ አንድ ሳይሆን ከአንድ ችግር ጀመርኩት። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ውሃ አይወጣም። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት፣ ያውም እያለከለከ። ግቢው ውስጥ ከመሬት በታች ማጠራቀሚያ አለ። ተማሪዎቼ 62 ናቸው። በ10 ቡድን ከፈልኳቸውና ይህን ውሃ ወደ ላይ አውጡልኝ አልኳቸው። ቀመር አልሰጠሁም።

አንዱ ቡድን ፓምፑን ከፍ አድርጎ የደረጃ ማረፊያ ላይ ለማስቀመጥ ወሰነ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ታች ጎርፍ ይገባል፣ ሌባም አለ። የፓምፑ ሰሌዳ ላይ እስከ 8 ሜትር ይስባል ተብሎ ተጽፏል፤ እነሱ የሚፈልጉት 7 ነው። በሒሳብም አሳዩኝ። የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል፣ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ድረስ ሽቅብ ይገፋል። ወረቀቱ ላይ ምንም ስህተት የለም።

ሙከራውን የራሳችን ሕንፃ ደረጃ ላይ አደረግነው። ታች በርሜል። በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ባለችው ማረፊያ ላይ ፓምፑ። ከበርሜሉ እስከ ፓምፑ ውስጡ የሚታይ ጎማ። ማብሪያው ተጫነ። ውሃው በጎማው ውስጥ ወጣ፣ አንደኛ ፎቅን አለፈ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። አረፋ እየሠራ እዚያው ተንጠለጠለ። ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኮሻኮሻል። ስልሳ ምናምን ሰው አንገቱን አንጋጦ ጎማ ያያል። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። ፓምፑ በደረቁ ሲሠራ ቆይቶ ውስጡ ያለችው ማሸጊያ ተቃጥላ ነበር። ፓምፑን የገዛሁት በኪሴ ነው፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ።

በሳምንቱ ማሸጊያውን አስቀይረን አንድ ፎቅ ወደ ታች አወረድነው። ሳበ። ምክንያቱን እስኪያገኙ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 101 ሳይሆን 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ውሃን የሚገፋውም እስከ 7.7 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም በጎማው ውስጥ የሚባክነው ግፊት ሳይቆጠር። የሰሌዳው 8 ሜትር የባሕር ዳርቻ 8 ሜትር ነው። እኛ ጋ ከአምስት ብዙም አይዘልም።

ደስ ብሎኛል። ግን ከ9 ምዕራፍ 5 ብቻ ነው የጨረስኩት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሚመጣው ሴሚስተር ልድገመው ወይስ ወደ ማርከሬ ልመለስ?

ምላሾቹ

በሁለት ቀን 31 ምላሽ ተጻፈ። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች የሚያነብ እንደሌለ ስለማውቅ በራሴ አባባል ላውጋችሁ።

1ኛው ካሳንቺስ አካባቢ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። መርቆኝ ጀመረ። ግቢ በነበረበት ጊዜ ውሃ በቫልቭ ሲያልፍ የሚያጣውን ግፊት ስንት ጊዜ እንዳሰላ አያስታውሰውም። ኢንተርንሺፕ ወጥቶ ፎርማኑ ያንን ጌት ቫልቭ ዝጋ ሲለው ግን ወደየት እንደሚዞር አላወቀም። ቆሞ ሰው እስኪዘጋው ጠበቀ። ልድገመው ላልኩት መልሱ አዎ ነው።

2ኛው ሊያርመኝ ነው የመጣው፤ ሳያሳፍረኝ ግን። ትምህርትን በችግር መጀመር አዲስ እንዳልሆነና ከምህንድስናም እንዳልተነሳ ጻፈ። የተጀመረው ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969። የሕክምና ተማሪው ዓመታት ሙሉ ሲሸመድድ ኖሮ በሽተኛው ፊት ሲደርስ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ከበሽተኛው እንጀምር አሉ። ወደ ምህንድስና በሰፊው ያመጣው የዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1974 ሲከፈት ጀምሮ ትምህርቱን በፕሮጀክት አቆመው። ሁለቱ አንድ አይደሉም ይላል። የሐኪሙ ችግር በሳምንት ያልቃል፤ የመሐንዲሱ ሴሚስተር ይፈጃል፣ መጨረሻው ላይም የሚሠራ ነገር ይጠበቅበታል። የኔው ከሁለቱም ያልሆነ፣ መሀል ላይ የቀረ ነው አለኝ። ይህን ዋጥኩት።

ከዚያ ግን ወጋ አድርጎኝ ሄደ። የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ችግር ሲሰጣቸው ሰባት እርምጃ ይከተላሉ። የመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ሁሉ ማጥራት ነው። ከ62 ተማሪዎቼ አንዱ የሰሌዳው 8 ሜትር የትኛው አገር 8 ሜትር እንደሆነ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ማሸጊያዬ አትቃጠልም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም እኮ። ይህን አልጻፍኩለትም፣ እዚህ ግን ልናዘዝ።

3ኛው ሰው የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ለአምስት፣ ያ ተማሪውን በትንንሽ ቡድን ያደራጁበት የነበረው አሠራር፣ ተመልሶ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ግቢ የነበረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። 4ኛው ወዲያው ተቀብሎት የአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ዶርም ውስጥ ጽፈው እንደፈረሙ አመነ፤ የስብሰባ ሰዓቱ እንዳያስነቃ በተለያየ ቀለም እስክሪብቶ። 5ኛው ሳቀ፣ ሌላ ነገር አልጻፈም።

6ኛዋ አልሳቀችም። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከስድስት የቡድን አባል አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጨቃጨቃል፣ አራቱ ስምና መታወቂያ ቁጥራቸውን በቴሌግራም ይልካሉ አለች። የምትሠራዋ ሁሌም እሷ ናት። ሪፖርቱን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስትጨርስ የሽፋኑ ገጽ ብቻ ነው የቡድን ሥራ የሚመስለው። ቡድኖቹን እንዴት እንዳረምኩ ጠየቀችኝ። ለሁሉም አባል አንድ ዓይነት ውጤት እንደሰጠሁ መለስኩላት። ዝም አለች። ያ ዝምታ ከሌሎቹ ሁሉ ከብዶኝ ነበር።

7ኛው ደግነቱ ኦልቦርግ ማስተርሱን የሠራ ነው። እዚያ ከሴሚስተሩ ግማሽ ያህሉ ለፕሮጀክቱ የተተወ ነው፤ ቀሪው ሌክቸር ነው። ሌክቸር አልቀረም፣ ይህን አስምሮበታል። መጨረሻ ላይ ቡድኑ አንድ ላይ ቀርቦ በቃል ይፈተናል፤ ውጤቱ ግን ለየራስ ነው። ፈታኙ የሪፖርቱን የትኛውንም ገጽ ገልጦ ማንንም ሊጠይቅ ይችላል። ያልሠራ የት ይገባል? የዴንማርክ መንግሥት ሁሉም ለየብቻው ይፈተን ብሎ የቡድን ፈተናውን ለዓመታት ከልክሎት እንደነበርና በኋላ እንደመለሰውም ነገረን። 8ኛዋ ምላሽ ያችው ተማሪ ናት። እንዲህ ያለ ፈተና ቢኖር ከቡድኗ ሁለቱ በሦስተኛው ሳምንት ኮርሱን ይጥሉት እንደነበር አስልታለች።

9ኛው ላይ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። ጋሼ ልበላቸው፤ እሳቸውም ልጄ ብለውኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጊዜ አምስት ኪሎ የተማሩ ናቸው። ያኔ፣ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር። እሳቸው ሒሳብ ሊያስተምሩ ሄደው፣ ከወር በኋላ የትምህርት ቤቱ የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ መሐንዲስ ተብለው ተጠሩ። ፓምፕ ፈትተው አያውቁም። የፈታው የአካባቢው ቀጥቃጭ ነው፤ እሳቸው የፓምፑን የቆዳ ማሸጊያ ያዙለት። በአምስት ዓመት ካገኙት ያ ቀን ይበልጥብኛል አሉ። ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ተማሪዎችህ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ሰዎች አንዱን እንኳ አነጋግረዋል ወይ?

ይህን ጥያቄ ለጊዜው አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ከ10 ቡድን ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሄዱት ሁለቱ ናቸው። እነሱም ፎቶ አንስተው ነው የተመለሱት።

10ኛው ጋ ሲደርስ የክሩ፣ የውይይቱ ማለቴ ነው፣ ጠባይ ተቀየረ። እሱም አስተማሪ ነው፣ የቆየ። ሦስት ቀን ሙሉ የተፈለገውን ነገር እሱ በአምስት ደቂቃ ሌክቸር እንደሚያስረዳ ጻፈ። በ2006 እ.ኤ.አ. ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን መከራከሪያ ጠቀሰ። ጀማሪ ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ መንገድ ሳታሳየው ችግር ብትወረውርለት ይደናበራል እንጂ አይማርም። ከዚያ ይልቅ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ አሳየው፣ በኋላ ራሱ ይሞክር። እስከዚህ ድረስ ግማሹን እቀበለዋለሁ። ጎማ አንጋጠው ሲያዩ ከነበሩት ውስጥ ስንቱ ምን እያየ እንደሆነ አላወቀም ነበር። ችግሩ ሰውዬው እዚያ አላቆመም። እንዲህ ያለው ዘዴ ማስተማር የማይችል አስተማሪ መደበቂያ ነው አለ።

11ኛው በጨዋ ደንብ መለሰለት። ለዚያ ጽሑፍ በዓመቱ፣ በ2007፣ ሜሎ-ሲልቨር፣ ደንካንና ቺን መልስ ሰጥተውበታል። በችግር መማር ማለት ተማሪን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ እንዳልሆነ ነው የተከራከሩት። ሕንፃ ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደሚቆምለት ሁሉ ተማሪውም ይደገፋል፤ ሕንፃው ሲቆም መወጣጫው ይነሳል። 10ኛው የሚቃወመው ጥሩ ያልተሠራውን ነው፤ እሱንማ እኛም እንቃወማለን፣ አለ።

12ኛው ግን ጨዋ አልነበረም። የ10ኛውን ጽሑፍ መልሶ አንብቦ አንድ ነገር ያዘ። ሰውዬው በአምስት ደቂቃ አስረዳዋለሁ ያለውን ሲያስረዳ፣ ውሃ በመሳብ የሚወጣው ቢበዛ 10.3 ሜትር ነው ብሎ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ! የኔን መክፈቻ አንብቦ ጨርሶ! 12ኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ማስተማር ከፈለገ ምጽዋ እንዲሄድ መከረው። እኔ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። በ13ኛው ያው 10ኛው ሰውዬ ተበሳጭቶ ተመልሶ ያ የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር እንደሆነና ነጥቡን እንደማይቀይረው ጻፈ። 14ኛው በአወያዮች ተሰርዟል። ምን ይል እንደነበር ያየ ሰው ነግሮኛል፣ ይቅር።

ነገሩን ያበረደው 15ኛው ነው። መርካቶ ፓምፕና ቧንቧ የሚሸጥና የሚገጥም ሰው ነው፣ ግቢ አልገባሁም ይላል። ፓምፕ ከውሃው አጠገብ እንደሚቀመጥ ረዳቱ እንኳ ያውቃል፤ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይወድም። የሰሌዳውን ቁጥር ሲያዩ እነሱ በልምድ ሦስት ሜትር ቀንሰው ነው የሚያስቡት። ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር፤ የቻይና ውሸት ይመስለው ነበር። አሁን ስለገባው አመሰገነ። ቀጥሎ ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 16ኛው መለሰለት፦ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 17ኛዋ እናቷ ይህን ሁሉ ድሮ እንደሚያውቁ ጻፈች። ውሃ እኛ ጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ባቄላ ለመብሰል ይለግማል፤ ለዚህ ነው ፕሬዠር ኩከር የተፈለገው። እናቷ ዲግሪውን አያውቁትም፣ ባቄላውን እንጂ።

18ኛው ደስታዬን አደበዘዘው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ሳይቀመጥ አይወጣም፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ። ከጨረስኩት 5 ምዕራፍ ውጭ ጥያቄ ሲመጣ ተማሪዎቼ ጎማውን እያስታወሱ ሊያለቅሱ ነው ወይ አለኝ። የስድብ ቃል የለበትም፤ ግን ያማል፣ ምክንያቱም ልክ ነው። 19ኛው ጨመረበት። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የተባለ ጊዜ ክፍሉ እንዴት እንደሞላ ያስታውሳል። ማስትሪክት አንድ አስተማሪ ከአስር ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር ይቀመጣል። አንተ 62 ሰው ይዘህ ብቻህን ምን ልትደግፍ ነው? ለዚህ መልስ የለኝም።

ከ20 እስከ 24 ያለው ስለ ትምህርት አይደለም። የውሃ ፈረቃ በየሰፈሩ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ሮቶ ስንት እንደገባ፣ የሮቶ ክዳን ማን እንደሚሰርቅ። አንዱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ባልዲ የሚሞላበትን ጊዜ ቢደምረው ማስተርስ ይሠራበት እንደነበር ጽፏል። አወያዩ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። ማንም አልሰማውም።

25ኛው ወደ ርዕሱ መለሰን፣ ከሁሉም ይልቅ የጠቀመኝም እሱ ነው። ለምን ሁለቱን ታጣላለህ አለኝ። ሙከራውን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አድርገው። ፓምፑ አይስብ። ሰው ሁሉ ለምን ብሎ ሲያጉረመርም ማርከርህን አንሳና አስተምር። ሦስቱን ቀን ያስቆጥብሃል፣ ጥያቄው ግን ይቀራል። ትልቁን ፕሮጀክት ለአንድ ምዕራፍ ብቻ ተው፣ የቃል ፈተናውን በሱ ላይ አድርግ። 10ኛው ሰውዬ በ26 ብቅ ብሎ በዚህኛው እንደሚስማማ ጻፈ። ስለ 10.3 ግን አላነሳም።

27ኛዋ ምላሽ ስትመጣ ማታ ሦስት ሰዓት ነበር። ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው አለች። የልጆች እናት ናት። ክሩን ከላይ ጀምሮ አንብባዋለች፣ የአየር ግፊቱንም ጭምር። ከዚያ እኛ ያላወቅነውን ነገረችን። እነሱ ብሎክ ፓምፕ አለ። ኮሚቴው አዋጥቶ ከገዛው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከነካርቶኑ የጥበቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ዘበኛው ራዲዮ ያስቀምጥበታል። ያልተገጠመው ቦታ ጠፍቶ ወይም አልስብ ብሎ አይደለም። መብራቱን ማን ይክፈል በሚለው ስላልተስማሙ ነው። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያሉት ውሃ ሌሊት ስለሚደርሳቸው ለሌላ ሰው ውሃ መብራት አንከፍልም ይላሉ። የነሱም ፍርሃት አለ፤ ፓምፑ ሲሠራ የኛ መስመር ይደርቃል ብለው ያምናሉ። ይህን የነገራቸው ሰው የለም፣ ያስረዳቸውም የለም።

ይህን ሳነብ የጋሼ ጥያቄ መጣብኝ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የፈታነው የራሳችንን ሕንፃ ደረጃ ችግር ነው። የሷ ብሎክ እኛ የመረጥነው ይሁን አይሁን ገና አላጣራሁም። ግን ከ10 ሪፖርት በአንዱም ላይ የመብራት ቆጣሪ የሚል ቃል የለም።

28ኛው ይህ የምህንድስና ጉዳይ ሳይሆን የጎረቤት ጠብ ነው ብሎ ሊዘጋው ሞከረ። 15ኛው ሰውዬ፣ የመርካቶው፣ በ29 መልስ ሰጠው። ለፓምፑ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቆጣሪ ከመስመሩ ላይ ይገጠማል፤ ሮቶ ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይገባል፤ ሲሞላ ራሱ ያጠፋል። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ብቻ እንዲስብ ከተደረገ የታቾቹን መስመር አይነካም። የተጠቀመ በፎቁ ልክ ይከፍላል። ስንት ብሎክ እንዲህ አድርጎ እንዳስታረቀ ቆጥሮ አያውቅም። 30ኛዋ ያቺ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የኔ ተማሪ አይደለችም፣ ግን መቼ እንደምንሄድ ጠየቀች።

31ኛው የኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ግንፍሌ ድልድይ ጋ። ከተማሪዎቼ ሦስቱ ይመጣሉ፣ የመርካቶው ሰውዬም እግረ መንገዴን ብቅ እላለሁ ብሏል። ሜትር እኔ እይዛለሁ። የቤቱ እመቤት በውስጥ መስመር መልስ ልካልኛለች። ቡና ይፈላል። ግን ቅዳሜ የነሱ ፈረቃ ስላልሆነ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ባዶ እጁን እንዳይወጣ፤ ታች ዘበኛው ጋ የተሞሉ ጀሪካኖች አሉ፣ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ ብላለች።